ሙሉ ባትሪ፣ ጎዶሎ ቤንዚን

ሰርቆ ሌባ የተባለ ሰው ያው የእጁን አገኘ ነው፤ ማንም አያዝንለትም። ሳይሰርቅ ሌባ የተባለስ ምን ይባላል? የውሃ ምርመራው መሥሪያ ቤት ሾፌር ሰኞ ማታ ቤቷ ገብታ ይህንኑ ባሏን ስትጠይቀው፣ ባሏ የአንድ ግድግዳ ሰዓት ሆድ ከፍቶ በወረንጦ ትንሽዬ ጥርሳም ማርሽ እያሳደደ ነበር። ሰዓት ሠሪ ነው፤ ለነገር አይቸኩልም።

«የተናደደ ነዋ» አላት ቀና ሳይል።

«እኔ አልተናደድኩም።» ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችው፤ ወንበሩን ሳተችው፤ ከመሬት አንስታ እንደገና ወረወረችው።

«ይኸው፣ አልተናደድሽም» አለ ባሏ። ወረንጦውን አስቀመጠና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «በይ ንገሪኝ። ማነው ሌባ ያለሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች ሴት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መሪ ይዛለች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ እትዬ ጆሮ ነው የሚሏት፤ የመኪና ሕመም በጆሮዋ ስለምታውቅ። መካኒክ ሦስት ቀን ፈትቶ ያላገኘውን እሷ ኮፈኑ ላይ ጆሮዋን ጣል አድርጋ «ቺንጊያው ነው» ትላለች፤ ቺንጊያው ሆኖ ይገኛል። ሥራዋ ምርመራ ሠራተኛዋን ይዛ ከተራራው ወዲያ ወዳሉት ምንጮችና ጉድጓዶች መሄድ፣ ውሃ ማስቀዳት፣ ሳይሞቅ ሳይቆይ ማምጣት ነው። ምርመራ ሠራተኛዋን ደግሞ ጠርሙስ ይሏታል። ኪሷ ውስጥ ጠርሙስ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ጠርሙስ፤ ስትራመድ እንደ በግ ቃጭል ትንኳኳለች።

ከሰባት ወር በፊት መሥሪያ ቤቱ አራት አዳዲስ መኪና ገዛ። በቤንዚንም በመብራትም የሚሄዱ ናቸው፤ ማታ ሶኬት ላይ ትሰካቸዋለህ፣ ጠዋት አርባ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ጠብታ ቤንዚን ሳይነኩ ይሄዳሉ። መሪው አጠገብ አራት ቦታ ያላት ማዞሪያ አለች። አንደኛው በመብራት ብቻ ንዳ የሚለው ነው። ሁለተኛው መኪናው ራሱ ይምረጥ የሚለው ነው። ሦስተኛው ባትሪውን ለኋላ አስቀምጥልኝ ይላል። አራተኛው እየነዳህ በሞተር ቻርጅ አድርግ ይላል። ሻጩ መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። ሾፌሮቹ ሰሙ። የትራንስፖርት ኃላፊውም ሰማ፤ እሱ ግን የሰማው አንዲት ቃል ናት፤ «ሙሉ» የምትለዋን።

ኃላፊው ሲያዩት ደህና ሰው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጸጉሩ የተላጠ፣ ድምፁ የሬዲዮ። ግን ጎዶሎ ነገር ማየት አይችልም። የውሃ ብርጭቆው ካልሞላ አይጠጣም፤ የፊርማ መዝገቡ ላይ ባዶ መስመር ካየ ራሱ ይፈርምበታል። ከኋላው ሲጠሩት «ሙሉ ይሁን» ነው የሚሉት። በስብሰባ ላይ ጣቱን አንስቶ፣ «ከዚህ አንፃር፣ ባትሪ ማለት አደራ ማለት ነው፤ አደራ ደግሞ ሙሉ ሆኖ ነው የሚመለሰው» አለና መመሪያ አወጣ። ማንኛውም መኪና ማታ ሲገባ ባትሪው ከሰማንያ በላይ መሆን አለበት። ከሰማንያ በታች ይዞ የገባ ይጠየቃል።

ጥሩ። በምን ይሙላ? ግቢው ውስጥ ለመኪኖቹ ተብሎ የተሠራ ሶኬት አለ፤ ግን በብረት ሳጥን ተቆልፏል። ለምን ቢባል፣ የመብራት ቆጣሪው የሕንፃ አስተዳደር ነው፣ ቤንዚኑ ደግሞ የትራንስፖርት ነው፣ ሁለቱ ክፍሎች ደግሞ ከተኳረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ጥበቃው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። በሰባት ወር ውስጥ ያ ሶኬት ያየው መኪና የለም፤ ያየው የጥበቃውን ሻይ ማፍያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሾፌሮቹ ምን አደረጉ? ማዞሪያዋን አራተኛው ላይ አድርገው ቤንዚን እያቃጠሉ ባትሪ ሞሉ። ቀኑን ሙሉ። ያም አልበቃ ሲል፣ ከሥራ መውጫ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ግቢው ውስጥ አራቱን መኪና አሰልፈው፣ ሞተር አስነስተው፣ ቆመው ባትሪ ይሞላሉ። ኃላፊው በየመስኮቱ አንገቱን እያስገባ «ስንት ሆነ? ሰባ ስምንት? ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ» ይላል። ወተት እሳት ላይ ጥዶ እንዳይገነፍልበት እንደሚጠብቅ ሰው።

እትዬ ጆሮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነግራዋለች። «አለቃ፣ ይሄ ሞተር ከልኩ በላይ እየጮኸ ነው። መኪና መጎተትና ባትሪ መሙላት አንድ ላይ አሸከምነው።»

«እትዬ፣ መመሪያ ነው።»

«መመሪያው ቤንዚን ይበላል።»

«መመሪያ አይበላም፣ እትዬ። ሰው ነው የሚበላ» አላት። ያኔ ቀልድ መስሏት ስቃ አለፈችው።

ቀልድ አልነበረም። ይኸው ሰኞ ጠዋት ሾፌሮቹ፣ ጥበቃው፣ ጽዳቶቹ ሳይቀሩ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ኃላፊው ወረቀት አወጣና በዚያ በሬዲዮ ድምፁ አነበበ። ሁለተኛዋ መኪና በሰባት ወር ውስጥ ከተያዘላት ነዳጅ እጥፍ በላይ ወስዳለች። ነዳጁ የት እንደደረሰ አሽከርካሪዋ እስከ አርብ በማስረጃ እንድታስረዳ፤ ካላስረዳች ግን ቁልፏን አስረክባ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድትዛወር። «ነዳጁ የት እንደደረሰ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ነው ያነበባት። ቀስ ብሎ። ከጽዳቶቹ አንዷ ምላሷን ጠቅ አደረገች።

ሌሎቹ ሦስቱ ለምን አልተጠሩም? እነሱ ከተማ ውስጥ ነው የሚሽከረከሩት፤ መንገዳቸው አጭር ነው፣ ብክነታቸውም ትንሽ ነው። የእሷ ተራራ መውጣት፣ ተራራ መውረድ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ባሏ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ የሰዓቱን ሆድ ወደ እሷ አዞረላት።

«ይሄን ታያለሽ? ከጠመዝማዛው ሽቦ እስከ ደቂቃ ቆጣሪው ስድስት ጥርሳም ማርሽ አለ። እያንዳንዱ ጥርስ ኃይሉን ለሚቀጥለው ሲያቀብል ትንሽ ይቀምስለታል። ጥርስ በበዛ ቁጥር ለቆጣሪው የሚደርሰው ይቀንሳል። ያንቺም መኪና እንደዚሁ ነው። ቤንዚኑ ሞተር ያዞራል፣ ሞተሩ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ባትሪ ይሞላል፣ ባትሪው ደግሞ ተመልሶ ጎማ ያዞራል። በቀጥታ ጎማ ማዞር ሲችል ምን አዞረው?»

«ይህን ለሱ ንገረው።»

«እኔማ ሰዓት ሠሪ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል። ዝም ብለሽ ዕቃ ግምጃ ቤት ግቢ፤ ጥላ ነው፣ ወንበር አለው፣ ጉልበትሽም ያርፋል።»

ቀልዱን ነበር፤ ግን በዚያች ማታ አላናገረችውም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያሉ ያሳደጓት ሴት ናት። ዕቃ ግምጃ ቤት ብትገባ ነገ ሰፈሩ ሁሉ «ቤንዚን ስትሸጥ ተይዛ ነው» ይላል፤ አሥር ዓመት ቢያልፍ እንኳ «ያቺ ቤንዚኗ ሴትዮ» እንደተባለች ነው የምትቀረው።

ማክሰኞ ጠዋት ለጠርሙስ መኪና ውስጥ ነገረቻት። ጠርሙስ ሳጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ ቆየችና፣ «በአፍ አይሆንም፣ እትዬ» አለች። «እኔ ምንጩ ተበክሏል ስል ማን ያምነኛል? ናሙና ነው የሚያምኑት። ደግሞ አንድ ናሙና ምንም አይናገርም። ሦስት እንውሰድ። አንድ ቀን በሱ መመሪያ ንጂ። አንድ ቀን መኪናው ራሱ ይምረጥ። አንድ ቀን ሶኬት ላይ ሰክተሽ። መንገዱ አንድ፣ ጭነቱ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። ጠዋት ማደያው ጋ እስከ አፉ፣ ማታም እዚያው እስከ አፉ። የገባው የወጣው ነው።»

«ማስረጃውን ሠራሽ ቢለኝስ?»

«እሱም ይቀመጥ ከኋላ።»

እትዬ ጆሮ መኪናውን መልሳ ግቢ አስገባች፤ ደረጃውን ወጥታ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ኃላፊው እስከ አፉ የተሞላ ሻዩን በከንፈሩ ጫፍ እያጎደለ ነበር።

«አለቃ፣ ነዳጁ የት እንደደረሰ ሊያዩ ይፈልጋሉ?»

«እሱን ነው እኮ የጠየቅኩት።»

«እንግዲያውስ ሦስት ቀን አብረውኝ ይሂዱ።»

ደስ አለው። እጅ ከፍንጅ ሊይዛት ነው። ኮቱን አንስቶ ተከተላት፤ ማደያው ጋ ቀጂዋ ስትቀዳ ከጀርባዋ ቆሞ ቁጥሩን በጣቱ ተከታተለ።

የመጀመሪያው ቀን በመመሪያው መሠረት ሆነ። ማዞሪያዋ አራተኛው ላይ። ሞተሩ ገና ከግቢው ሳይወጡ ማጓራት ጀመረ። ከተማው ውስጥ እንደ ኤሊ እየሄዱ፣ መብራት ላይ ቆመው ሳለ እንኳ ያጓራል።

«ቆመን ለምን ይጮኻል?» አለ ኃላፊው ከኋላ።

«ባትሪ እየሞላ።»

«ስንት ሆነ?»

«ዘጠና ሦስት።»

«ጎበዝ።»

ጠርሙስ መስኮቱን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

ተራራው አናት ላይ ሲደርሱ ባትሪው መቶ ሆነ። ከዚያ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው። እትዬ ጆሮ ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረገች ስትወርድ፣ ኃላፊው እሱም ከኋላ ባዶ ወለል እየረገጠ ወረደ።

«አለቃ፣ ይሄ መኪና ፍሬን ሲያዝ መብራት ያመነጫል፤ ቁልቁለት በነፃ ይሞላዋል። አሁን ግን የት ያስገባው? እስከ አፉ ሞልተውታል። ሞልቶ በፈሰሰ እንስራ ላይ ዝናብ ቢዘንብ ምን ይጠቅማል? ይኸው የፍሬን ሸራ ብቻ እያነደድን እንወርዳለን።»

ኃላፊው ዓይኑን ጨፍኖ፣ መስኮቱ ላይ ያለችውን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ሄዱ። የመልሱ ዳገት ባትሪውን ስላጎደለው ግቢ ገብተው፣ በልማዱ ግማሽ ሰዓት ቆመው፣ ሰማንያ ሲል አጥፍተው፣ ቁልቁል ወደ ማደያው ወረዱ። ሰባት ሊትር ከሽርፍራፊ ገባ። ጠርሙስ ጻፈች። ኃላፊው «ነገ እናያለን» አለ።

ረቡዕ ማዞሪያዋ ሁለተኛው ላይ ሆነች፤ መኪናው ራሱ ይምረጥ። ሶኬት የለም፣ ባትሪ ሙላ የለም። ከተማው ውስጥ ሲንፏቀቅ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ዳገት ሲመጣ ይነሳል፣ ቁልቁለት ላይ ባትሪው ከፍሬኑ ይለቅማል። ግቢ ሲገቡ ባትሪው ሃያ ሁለት ነበር። ኃላፊው ሃያ ሁለትን ሲያይ ልቡን ያመመው ይመስል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ይሄ ጎዶሎ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ማደያው ጋ እንሂዳ።»

ሦስት ሊትር ከምናምን። ቀጂዋ ማሽኑ የተበላሸ መስሏት ሁለት ጊዜ አራገፈችው። ኃላፊው ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አየው፣ ከዚያ መኪናውን ዞሮ አየው፣ ከዚያ የእትዬ ጆሮን እጅ አየ። ሰው እጅ ላይ ቤንዚን እንደማይደበቅ የገባው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ለሐሙስ ሶኬት ያስፈልግ ነበር። ጥበቃው ቁልፉን በመዳፉ ሸፈነው።

«ደብዳቤ አለሽ?»

«ጋሼ፣ የመኪና ሶኬት ነው፤ ለመኪና ነው የምፈልገው።»

«እሱማ ነው። ግን ሻዬን የት ላፍላ?»

ኃላፊው ደብዳቤ ጻፈ፣ ማኅተም መታ። ጥበቃው ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከቶ፣ ሻይ ማፍያውን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ አወጣና ሳጥኑን ለቀቀ። እትዬ ጆሮ ዘጠና ላይ እንዲያቆም አድርጋ ሰካችው።

«ለምን መቶ አይሆንም?» አለ ኃላፊው። ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረበት።

«ለቁልቁለቱ ቦታ ልተውለት ብዬ።»

ሐሙስ ከተማውን በመብራት ብቻ አለፉ፤ ድምፅ የለም። ሜዳው አውራ ጎዳና ላይ ሲደርሱ ሦስተኛው ላይ አደረገችው፣ ባትሪውን አስቀምጥ በሚለው ላይ። ሞተሩ ተነሳ፤ ግን በደልዳላ መንገድ እኩል እየሄደ ስለሆነ እንደጠገበ ድመት ነው የሚያንኮራፋው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ባትሪውን መልሳ ለቀቀችው። ኃላፊው እንቅልፍ ወሰደው። ማታ ማደያው ጋ የገባው አንድ ሊትርና አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ነበር።

ሰውየው ግን አላለቀለትም። ከመኪናው ወርዶ ጣቱን አነሳ። «ከዚህ አንፃር፣ መብራቱስ? መብራቱ ነፃ ነው?»

«አይደለም» አለች እትዬ ጆሮ። «ቆጣሪው ዘጠኝ ኪሎ ዋት ቆጥሯል፤ ረቡዕ ከባትሪው የጎደለውም እዚሁ ውስጥ ነው። ጠርሙስ፣ ዘጠኙንም ጻፊ። እኔ የማስጎድለው የለኝም።»

እንግዲህ ይቅርታ የሚመጣው አርብ ጠዋት ነው ብላችሁ ጠብቁ። አርብ ጠዋት የመጣው መመሪያ ነው። ኃላፊው ሁሉንም ግቢ ሰብስቦ ቆመ፤ ኮቱ ተቆልፏል፣ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። «የትራንስፖርት ክፍል ኃላፊ ለሦስት ተከታታይ ቀናት በግንባር ተገኝተው ባካሄዱት ጥናት መሠረት…» አለ። ጥናቱ የሱ ሆነ። ሶኬቱ ተከፈተ፤ እሱ ነው የከፈተው። በሞተር ባትሪ መሙላት ቀረ፤ እሱ ነው ያስቀረው። ቁልቁለት ከመውረድ በፊት ባትሪ አይሞላ፤ እሱ ነው ያስተዋለው፤ ያኔ እጀታውን ይዞ ዓይኑን የጨፈነው ሰውዬ። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈና፣ «ወደ ሥራ» አለ።

እትዬ ጆሮ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«አለቃ፣ የሰኞው ወረቀትስ?»

«እሱ ተዘግቷል፣ እትዬ። ፋይልዎ ውስጥ ማስታወሻ አስገባለሁ።»

«ሰኞ ያነበቡት ለፋይሌ ነው ወይስ ለሰው?»

«ለምን ነገር ታበዣለሽ?» አላት፤ «እርስዎ» የምትለዋ እንደ ቦቲ ውሃ ድንገት አለቀችበት። «ሥራሽ ላይ ነሽ፣ ቁልፍሽ እጅሽ ላይ ነው። ምን ጎደለብሽ?»

ይህን ሲል ቁልፉን አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ዛሬ አርብ ነው። ወረቀቱ አርብ አስረክቢ ይላል፤ ይኸው አስረከብኩ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ በየት በኩል ነው?»

ኃላፊው ቁልፉን እንደ ፍም ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረው። ከተራራው ወዲያ ያለው ጉድጓድ ውሃ ከምሳ በፊት መድረስ አለበት፤ ሰፈሩ ውሃው አይጠጣም ተብሎ ውጤት እየጠበቀ ነው። ወደ አንጋፋው ሾፌር ዞረ። አንጋፋው ሾፌር ጢሙን ዳበሰ።

«እኔማ ደስ ይለኝ ነበር፣ አለቃ። ግን ባትሪዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። ከሰማንያ በታች ይዤ ማታ ብገባ እጠየቃለሁ።»

«መመሪያው እኮ አሁን ተሻረ።»

«በጽሑፍ አልደረሰኝም።»

ሌላው ሾፌር «የኔም ሰባ ስምንት ነው» አለ፤ መኪናው ውስጥ ሳይገባ፣ ሳያይ። ጽዳቶቹ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ጠርሙስ ሰዓቷን አየችና ለማንም ሳይሆን፣ «ውሃው ከቆየ ውጤቱ አይታመንም» አለች።

ኃላፊው ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። የመኪናው ኮፈን ላይ ደግፎ ጻፈ፤ አራት መስመር። አነበበው፤ ሁለተኛዋ መኪና በብዛት ነዳጅ የወሰደችው በአሠራር ምክንያት እንደሆነና አሽከርካሪዋን እንደማይመለከት ተረጋግጧል።

«ተስማማን?» አለ።

«የማን አሠራር?»

ወረቀቱን መልሶ ደገፈና ሁለት ቃል ጨመረ። «በትራንስፖርት ክፍሉ አሠራር» ብሎ አነበበ።

«ይቅርታ የሚለውን አላነበቡትም።»

«ወረቀቱ ላይ የለም እኮ፣ እትዬ።»

«ስለሌለ ነው የምጠይቅዎት።»

ወደ ጥበቃው ቤት ግድግዳ አየና «ይቅርታ» አለ።

«ለግድግዳው ነው?»

አንጋፋው ሾፌር ሳል መጣበት። ኃላፊው ዞረ። ፊቱ ቲማቲም ሆኗል፤ ዓይኗን አይቶ፣ ያለ ሬዲዮ ድምፅ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ በሚያወራበት ድምፅ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ፤ አጥፍቻለሁ» አላት።

«አደርጋለሁ» አለች። «ዛሬ ግን አይደለም።»

ቁልፉን ከመዳፉ ላይ አንስታ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ጠርሙስ እየተንኳኳች ተከተለቻት። ከግቢው ሲወጡ ድምፅ የለም፤ ማዞሪያዋ አንደኛው ላይ ነበረች። የመጀመሪያው መብራት ጋ ሲደርሱ ግን እትዬ ጆሮ አላስቻላትም። «ሰማሽ ግን ያለኝን? ምን ጎደለብሽ አለኝ እኮ» ብላ ጀመረች። ጠርሙስ እዚያው አጠገቧ ቆማ የሰማችውን ሁሉ፣ ያልነበረች ይመስል፣ እትዬ ጆሮ ከሰኞ ጠዋት ጀምራ እስከ ተራራው አናት ድረስ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ጠርሙስም እንዳልሰማ ሰው፣ በየመታጠፊያው «ኧረ?» እያለች አዳመጠቻት።